ነዳጅን በሰዓት መቁጠር፦ አነስተኛ አውሮፕላኖችና የአዲስ አበባ ከፍታ



ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ የታክሲ ሾፌር ዳገት ነዳጅ እንደሚበላ ለማወቅ መጽሐፍ አያገላብጥም። ቢያልቅበት ጥግ ይይዛል፤ ረዳቱም ጀሪካን አንጠልጥሎ ቁልቁል ይወርዳል። አብራሪ ግን የሚይዘው ጥግ የለውም።

ስለ ነዳጅ ማለቅ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አውስትራሊያ እንደማያደርስ ቢያስረዱም ጠላፊዎቹ አላመኑም። ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ጠረፍ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች መካከል 125ቱ ሞቱ። ልብ በሉ፤ ካፒቴኑ የነዳጃቸውን ልክ ያውቁ ነበር። በአነስተኛ አውሮፕላኖች ዘንድ የሚያሰጋው ከዚህ ተቃራኒው ነው፤ አብራሪው አለኝ ብሎ የሚተማመንበት ነዳጅ በታንኩ ውስጥ አይገኝም።

ሴስና 172 ኤስን እንውሰድ። በሁለቱ ክንፎቹ 212 ሊትር ያህል ቤንዚን ይይዛል፤ ሞተሩ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን 200 ሊትር ገደማ ነው። በሰዓት 35 ሊትር ቢፈጅ 5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ይበራል ማለት ነው። ይህ ስሌት ግን የተሠወረ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የአምራቹ የፍጆታ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው አብራሪው የአየሩንና የቤንዚኑን ድብልቅ እንዳመጣጠነ ተቆጥሮ ነው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ካልተቀነሰ ድብልቁ ከልክ በላይ ይወፍራል፤ ሻማዎቹ በጥላሸት ይሸፈናሉ፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም በጭስ ማውጫው ይወጣል። በባሕር ጠረፍ ሠልጥኖ የመጣ አብራሪ የሚክስቸሩን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍቶ መተው ልማዱ ሊሆን ይችላል። ለስሌት ያህል ፍጆታው 45 ሊትር ቢደርስ፣ ያው ታንክ የሚያበረው 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ በእይታ ለሚደረግ በረራ በመጠባበቂያነት እንዲያዝ የሚጠይቀው ግን በቀን 30፣ በሌሊት 45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የጠፋው ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነ ጊዜ መጠባበቂያውን ጠቅልሎ ይበላል፤ አብራሪው በእጅ ሰዓቱ ሲቆጥር ገና ብዙ የቀረው ይመስለዋል። ይህን ሁሉ የተናገርሁት እንጦጦን ለመሻገር በሚደረገው ሽቅብ በረራ የሚጨመረውን ፍጆታ ሳልቆጥር ነው።

ጠቋሚውስ? አውሮፕላኑ ባዘነበለ ቁጥር ቤንዚኑ ይዋልላል፤ መርፌውም አብሮ ይዋልላል። እኔ ከመርፌው ይልቅ ከመነሣት በፊት ታንክ ውስጥ የሚገባውን የመለኪያ ዘንግ አምናለሁ። በዚያው ፍተሻ ከታንኩ ሥር ጥቂት ቤንዚን ቀድቶ ማየትም ያስፈልጋል፤ በጎደለ ታንክ ውስጥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ እርጥበትን ወደ ውኃ ይለውጣል፣ ውኃውም ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር በነዳጅ እጦት ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ነዳጅ አለቀ ማለት አይደለም። በአንዳንድ አውሮፕላኖች መምረጫው በአንድ ጊዜ የሚከፍተው የግራውን ወይም የቀኙን ታንክ ብቻ ነው። አብራሪው በጊዜው ካላዞረው አንደኛው ክንፍ ቤንዚን እንደ ተሸከመ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሞተር ሲንተፋተፍ በቅድሚያ ከሚከናወኑት ተግባራት አንዱ መምረጫውን ወደ ሌላኛው ታንክ ማዞር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።