ተጨማሪ መረጃ፦ የሎስ አንጀለሷ ሴት ፖሊስ
ተማሪዎች ሆይ፥ አስቀድማ በስብከተ ወንጌል ታገለግል የነበረችው አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ፥ የብዙ ዜጎችን ፊርማ አሰባስባ ለሹማምንቱ አቤት ካለች በኋላ፥ በ1910 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ ሆና ተሾመች። መለያ ልብሷን በገዛ እጇ ሰፍታ፥ ወጣቶች ወደሚሰበሰቡባቸው የጭፈራ አዳራሾችና ሲኒማ ቤቶች እየተመላለሰች፥ ታዳጊዎችን በጥፋት እንዳይወድቁ ለመጠበቅ ትተጋ ነበር፤ ከሹመቷም ይልቅ እጅግ የሚደነቀው ይህ ትጋቷ ነው። ፖሊስ በነፃ ይሳፈርበት በነበረው የከተማ ባቡር የፖሊስ ምልክቷን ብታሳይ፥ ትኬት ቆራጩ «የባልሽ ነው» ብሎ ስለ ወቀሳት፥ ቁጥር አንድ የሴት ፖሊስ ምልክት ተሠራላት። የአሊስን ትጋት የሚመስለው፥ ከሕዝብ ጋር እየመከሩ ወንጀልን ከመንሥኤው መከላከል፥ ዛሬ «ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት» ይባላል። በቀበሌያችሁ በዚህ ሥራ የተሰማራች ፖሊስ ብታገኙ፥ ከወጣቶች ጋር ስለ ምን እንደምትመክር በአክብሮት ጠይቃችሁ ጻፉ።