ከመተማ እስከ ሞጆ፦ የገቢ ንግድ እንዴት ይለካል?

የሸቀጥ ገቢ ንግድ አኃዝ ከውጭ ገብቶ በጉምሩክ ዲክላራሲዮን የተመዘገበ ዕቃ ዋጋ ድምር ነው። በኢትዮጵያ መዝገቡን የሚይዘው ጉምሩክ ኮሚሽን ሲሆን፣ ብሔራዊ ባንክ ከዚሁ ተነሥቶ የንግድ ሚዛኑን ያወጣል። ዕቃዎቹ የሚመደቡት ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የኮድ ሥርዓት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም። ስሕተቱ የሚመጣው ድምሩ ሲነበብ ነው፤ «ገቢ ንግድ በእጥፍ አደገ» የሚል ዜና ሁለት እጥፍ ዕቃ እንደገባ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አነባበብ መታረም አለበት።

አኃዙ የሚናገረው ዋጋን እንጂ ብዛትን አይደለም። ብዛቱ ሳይነቃነቅ ዋጋ በሦስት መንገድ ሊለወጥ ይችላል።

አንደኛው የዓለም ገበያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር ቶኑ ከ350 ዶላር በታች የነበረው ዩሪያ በ2014 ሚያዝያ ከ700 ዶላር አልፎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በዳባትና በደባርቅ ለሚያርሰው ገበሬ የሚደርሰው የማዳበሪያ ከረጢት ቢቀንስ እንኳ የማዳበሪያ ወጪ በገቢ ንግድ መዝገቡ ላይ ሊያድግ ይችላል።

ሁለተኛው ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ታኅሣሥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ብረት ቀድሞ 57 ሚሊዮን ብር፣ በኋላ ከ120 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ይመዘገባል። የተጨመረ አንድም ዘንግ የለም።

ሦስተኛውና ብዙም የማይነገርለት የጭነት ሒሳብ ነው። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የገቢ ዕቃ ዋጋ እስከ መጀመሪያው መግቢያ በር ያለውን ማጓጓዣና መድኅን ይጨምራል። ላኪው አገር ግን የሚመዘግበው ዕቃው ከወደቡ ሲነሣ ያለውን ዋጋ ብቻ ነው። ለምሳሌ ከሻንጋይ በ100 ዶላር የተነሣ ዕቃ በባሕርና ከጂቡቲ በየብስ 15 ዶላር ቢወጣበት፣ በቻይና መዝገብ 100፣ በኢትዮጵያ መዝገብ 115 ይሆናል። ወደብ አልባ ለሆነች አገር ይህ ልዩነት ይሰፋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እንደታየው የኮንቴይነር ኪራይ ሲወደድ ደግሞ ዕቃው ሳይጨምር የገቢ ንግዱ ይጨምራል።

የሁለት አገሮችን መዝገብ አነጻጽሮ «ልዩነቱ ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው» ማለት የማያስኬደውም ለዚህ ነው። በሰኔ የተጫነ ዕቃ በሐምሌ ሲገባ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይቆጠራል። ላኪው አገር መድረሻውን ጂቡቲ ብሎ ሊመዘግብም ይችላል። በአንጻሩ ዋጋ አሳንሶ ማሳወቅ በእርግጥ ያለ ነገር ስለሆነ ልዩነቱ ችላ አይባልም። ለምርመራ መነሻ ይሆናል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የባንክ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድም የጉምሩክን መዝገብ አይተካም፤ በፍራንኮ ቫሉታ የሚገባ ዕቃ ባንክ ዶላር ሳይፈቅድለት በጉምሩክ ይመዘገባልና።

የተመዘገበበት በርና የተሸጠበት ገበያም ይለያያሉ። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ በጂቡቲ የመጣ ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። በሱዳን ድንበር ባለችው መተማ ዮሐንስ የገባውም ከጎንደር አልፎ ሌላ ከተማ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የመተማን ኬላ ቁጥር ወስዶ «የጎንደር ገቢ ንግድ» ብሎ ማውጣት አይቻልም።

በኬላው ሳያልፍ የሚገባው ሳልባጅና ሌላው ሸቀጥ በዲክላራሲዮን ፈጽሞ አይገኝም። ይህን ለመገመት ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልጋል። የኡጋንዳ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድንበር በሮቹ ላይ ቆጣሪዎችን አሰማርቶ ሳይመዘገብ የሚያልፈውን ዕቃ ያስቆጥራል። ዘዴው የሚታየውን ብቻ ይይዛል፤ በሌሊት በጫካ የሚያልፈው ያመልጠዋል። ቢሆንም ያልተመዘገበውን እንደሌለ ከመቁጠር ይሻላል፤ በመተማ መስመርም ሊሠራበት ይገባል።

ስለ ገቢ ንግድ የሚወጣ ዜና አራት ነገር መግለጽ አለበት፦ ሒሳቡ በዶላር ይሁን በብር፣ ብዛቱ በቶን ስንት እንደሆነ፣ የየትኛው የበጀት ዓመት እንደሆነ፣ ጭነትና መድኅን መካተቱን። እነዚህን ያላሟላ ቁጥር ስለ ዕቃው ብዛት ምንም አያስረዳም፤ አንባቢም እንደ ማስረጃ ሊቀበለው አይገባም።