ተሰምቶ የሚጻፍ ስም፦ ለአነስተኛ ንግድ የድረ ገጽ አድራሻ አመራረጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአበው ብሂል የተነገረው ለሰው ስም ነው። የንግድን ስም፣ በተለይም በበይነ መረብ የሚያገለግለውን የድረ ገጽ ስም፣ የሚያወጣው ግን ባለቤቱ ራሱ በመሆኑ አስቀድሞ ማሰብና መመካከር ያሻል። በማኅበር ተደራጅተው ማር፣ ቅመማ ቅመም፣ የተቆላ ቡና ወይም የሽመና ውጤት ለገበያ የሚያቀርቡ ወገኖች ድረ ገጽ ለመክፈት ሲነሡ ቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ «ማን እንበለው?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሙ እንዴት እንደሚመረጥና በማን ስም መመዝገብ እንደሚገባው በአጭሩ እናስረዳለን።

የዶሜይን ስም ምንድን ነው?

በበይነ መረብ የተያያዙ ኮምፒውተሮች የሚለያዩት በቁጥር ነው። ረጅም ቁጥርን በቃል መያዝ ለሰው አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ ሥርዓት በ1983 እ.ኤ.አ. ተነደፈ፤ የዶሜይን ስም ሥርዓት የሚባለውም ይኸው ነው። ስሙ ቢያንስ ሁለት ክፍል አለው። ከነጥቡ በፊት ያለውን ባለቤቱ ይመርጠዋል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያ ነው። «ዶት ኮም» በመላው ዓለም የታወቀ ቅጥያ ሲሆን፣ «ዶት ኢቲ» የሀገራችን መለያ ነው። የዚህ መለያ አስተዳዳሪ ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ስሙ በልማድ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ነው። ቁጥርና ሰረዝ መጨመር ይቻላል፤ በቃላት መካከል ክፍት ቦታ መተው ግን አይቻልም። በሁለት ነጥቦች መካከል እስከ 63 ፊደላት ይፈቀዳል። የተፈቀደው ሁሉ ግን አይጠቅምም፤ አጭር ስም ለማስታወስም ለመጻፍም ይቀላል።

ዋነኛው ፈተና፦ ሁለት ፊደል

የአማርኛን ስም በላቲን ፊደል ስንጽፍ ችግሩ ከርዝመቱ ይልቅ አጻጻፉ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። «ቀ»ን አንዱ በ«ኬይ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፈዋል። «ጠ» እና «ተ» ሁለቱም በ«ቲ» ስለሚጻፉ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል፤ መጨረሻውንም አንዱ በ«ዋይ»፣ ሌላው በ«አይ» ይዘጋዋል። በዚህ ብቻ አንዱ ስም አራት ዓይነት አጻጻፍ አገኘ ማለት ነው። በግእዝ ፊደል የማናሳየው መጥበቅም ሌላ ጥርጥር ያመጣል፤ «ቡና» ሲባል «ኤን» አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ?

ይህ ልዩነት ለንግዱ ቀላል ነገር አይደለም። ደንበኛው የማኅበሩን ስም በሬዲዮ፣ በባዛር ወይም ከጎረቤቱ ይሰማል፤ ቤቱ ደርሶ በስልኩ ይጽፈዋል። አንዲት ፊደል ከሳተ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ አለዚያም ከሌላ ነጋዴ ደጅ ይደርሳል። ማኅበሩ ግን ደንበኛ መጥቶ እንደተመለሰ እንኳ አያውቅም።

ስለሆነም ስም ሲመረጥ በሁለቱም ፊደል አንድ ዓይነት መልክ ወዳላቸው ድምፆች ማዘንበል ይበጃል። «ሮማን»፣ «ናርዶስ»፣ «ለምለም» የመሳሰሉት ስሞች ሲሰሙ እንዴት እንደሚጻፉ ብዙም አያከራክሩም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው የተለመደ ስም ብቻውን ቀድሞ ተይዞ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሥራውን ወይም አካባቢውን የሚያመለክት አጭር ቃል ማከል ይቻላል። «ኢትዮ»፣ «ሐበሻ»፣ «አቢሲኒያ» የሚሉትን ግን ብዙዎች ስለሚጠቀሙባቸው ለመለየት አይረዱም። ሰረዝና ቁጥርም በቃል ሲነገሩ ያደናግራሉ፤ «ሁለት» ሲባል በአኃዝ ነው ወይስ በፊደል?

ስሙ ሥራውን እንዳያጠበውም ማሰብ ይገባል። ዛሬ ማር ብቻ የሚሸጥ ማኅበር ነገ ሰምና ጧፍ ሊያቀርብ ይችላል።

ከመመዝገብ በፊት የሚደረግ ፈተና

ሁለት ወይም ሦስት አማራጮችን ከመረጥን በኋላ ለአምስት ሰዎች በስልክ እንንገራቸው፤ ሳንደግምና ፊደሉን ሳንቆጥር እንዲጽፉት እንጠይቅ። ከአምስቱ መካከል ወጣቱም፣ አዛውንቱም፣ ከተቻለም በውጭ ሀገር ያደገ ሰው ይኑርበት። ከማግስቱ ደግሞ ስሙን ያስታውሱት እንደሆነ እንጠይቃቸው። ብዙዎቹ በአንድ ዓይነት ጽፈው ያስታወሱት ስም ይመረጣል።

ቅጥያውን በተመለከተ፣ በሀገር ውስጥ ብቻ ለሚሸጥ «ዶት ኢቲ» ማንነቱን ይገልጥለታል፤ በውጭ ለሚኖሩ ወገኖችም ለሚሸጥ «ዶት ኮም» ይለመዳል። አቅም ከፈቀደ ሁለቱንም መያዝ መልካም ነው።

ስሙ በማን ስም ይመዝገብ?

የዶሜይን ስም ለተወሰነ ጊዜ እንጂ ለዘለዓለም አይገዛም። «ዶት ኮም» ከ1 እስከ 10 ዓመት ይመዘገባል፤ ጊዜው ሲያበቃ ይታደሳል። ሳይታደስ ቀርቶ ከተሰረዘ፣ ባለቤቱ በተጨማሪ ክፍያ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊወስደው ይችላል። የወሰደውም ሰው በዚያ ስም የሚላኩ ኢሜይሎችንና የደንበኞችን ትእዛዝ ጭምር መቀበል ይችላል። በየጠርሙሱና በየማሸጊያው የታተመው አድራሻም ለሌላ ሰው ማስታወቂያ ይሆናል።

በመሆኑም ምዝገባው ድረ ገጹን በሠራው ባለሙያ ወይም በአንድ አባል የግል ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይሁን። የኢሜይል አድራሻውና የይለፍ ቃሉም ከአንድ በላይ በሆኑ ኃላፊዎች እጅ ይቀመጥ፤ የእድሳቱ ቀን በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ፤ ወጪውም በዓመታዊ በጀት ይያዝ።

በመጨረሻም የዶሜይን ምዝገባ የንግድ ምልክትን እንደማያስጠብቅ ልናስታውስ እንወዳለን። የንግድ ምልክት የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ ድረ ገጹ ከመሠራቱና ማሸጊያው ከመታተሙ በፊት፣ የተመረጠው ስም በሌላ ድርጅት አለመያዙን በንግድ ምዝገባም በንግድ ምልክትም በኩል ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ሁሉ የጥቂት ቀናት ድካም ነው፤ ደንበኛ የለመደውን ስም በኋላ መለወጥ ግን ገበያን እንደ አዲስ መጀመር ነው።