ተጨማሪ መረጃ፦ አሮጌ ኮምፒውተር ሊነክስን አላስነሣ ሲል
በጎንደር ፒያሳ መብራት ድንገት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ፣ ዕድሜ የተጫነው ኮምፒውተር ሊነክስን ከማስነሣት ታቅቦ ጥቁር ገጽና ጥቂት ነጫጭ ፊደላት ብቻ ቢያሳይ፣ ባለቤቱ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ ለመጫን መቸኮሉ በእኔ አስተያየት የትዕግሥት ማነስ ነው። አስቀድሞ ሰዓቱን ይመርምር፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ኃይሏ ሲያልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የማስነሻውም ቅደም ተከተል ሊፋለስ ይችላል። «ኢኒትራምኤፍኤስ» (initramfs) የሚል ቃል ከታየ ግን ሕፀፁ ብዙውን ጊዜ በፋይል ሥርዓቱ ላይ ነው፤ መረጃ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ የዲስኩ መዝገብ ይዛነፋልና፣ «ኤፍኤስሲኬ» (fsck) የተባለው ትእዛዝ የዲስኩ ክፍል ስም ታክሎበት አብዛኛውን ጊዜ ያቃናዋል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ጥገናው ይቆይ፤ ከፍላሽ በሚነሣ ሊነክስ ፋይሎቹን አስቀድሞ ይገልብጥ።