ወተትና የጂን ቁጥጥር፦ ኢትዮጵያውያን ለምን በአንድ ፊደል አይለኩም?

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ከአንድ ድስት የተቀዳ ወተት ጠጥተው፣ አንዱ ያለ ችግር ሥራው ላይ ሊውል፣ ሌላው በሆድ መነፋትና በቁርጠት ሊሠቃይ ይችላል። ላክቴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን ግን በሁለቱም ዘንድ ጤነኛ ነው። የሚለያዩት ጂኑ እስከ መቼ እንዲሠራ በሚወስነው የዲ ኤን ኤ ክፍል ነው።

ላክቴዝ በትንሹ አንጀት የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይከፍላል። ሕፃን ጡት ከጣለ በኋላ የጂኑ ሥራ በአብዛኛው የሰው ልጅ ዘንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚህ የሚወጣው ሃይድሮጅን በትንፋሽ ይለካል።

የላክቴዝ ጂን የሚገኘው በክሮሞሶም 2 ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ክፍል ከጂኑ 14,000 ያህል ፊደላት ርቆ፣ የሚገርመውም በሌላ ጎረቤት ጂን ውስጥ ተቀምጧል። በዚያ ስፍራ አንድ ፊደል ሲለወጥ፣ ጂን ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ክፍሉን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ጂኑም በጉልምስና መሥራቱን ይቀጥላል። በ2002 እ.ኤ.አ. በፊንላንዳውያን ላይ የተደረገ ጥናት በአውሮፓ የተስፋፋውን ለውጥ ለየ። በ2007 የሳራ ቲሽኮፍ ቡድን በታንዛንያ፣ በኬንያና በሱዳን ሕዝቦች ሦስት ሌሎች ለውጦችን አገኘ። በ2013 የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ ወተት በሚፈጩ ሰዎች መካከል በዚሁ አጭር ክፍል ውስጥ በርካታ ለውጦች ጎን ለጎን መኖራቸውን አሳየ። ከብት አርቢው ማኅበረሰብ ያገኘው አንድ መፍትሔ አልነበረም፤ ለውጦቹ በየፊናቸው ተነሥተው አብረው ተስፋፍተዋል።

ይህ ለሐኪም ተራ ዝርዝር አይደለም። የአውሮፓን ፊደል ብቻ የሚፈልግ የዘረመል ምርመራ፣ ወተት ጠጥቶ ያደገን ኢትዮጵያዊ «ላክቶስ አይፈጭም» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። የትንፋሹ ምርመራ ፊደሉን ሳይጠይቅ ውጤቱን ስለሚለካ ለአገራችን ይበልጥ ይታመናል።

ከሁዳዴ ጾም በኋላ ወተት የከበደው ሰው «ጾሙ ኢንዛይሙን አጠፋብኝ» ቢልም አያስኬድም፤ ወተት መተው ጂኑን አያጠፋም፣ መጠጣትም አያበራውም። በጾሙ ወራት የሚለወጠው የትልቁ አንጀት የባክቴሪያ ስብጥር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው እርጎ ይሻለዋል፤ ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ከፊል አስቀድመው በልተውታልና። በአይብም አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወጣል።