ሰባት ሰከንድ ተኩል

አክስቴ ቤት፣ ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ የሳሎኑን አንድ ጥግ የያዘ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ አለ። ልጇ ከአሜሪካ ከነትራንስፎርመሩ የላከችላት ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ ራሱ ውሃ ቀድቶ፣ ራሱ አርግቶ፣ ራሱ አላቆ ከታች ባለው ሳጥን ላይ የሚጥል በረዶ ሰሪ ተገጥሞለታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት በረዶው ሲወርድ የሚሰማው ኳኳታ አክስቴን ከእንቅልፏ ያባንናት ነበር። ቆየት ብሎ ኳኳታው ቀነሰ። የሚወርደው በረዶ ሳሳ፤ መሃሉ ክፍት የሆነ፣ በጣት ሲነኩት የሚሰበር ቅርፊት ሆነ። አንድ ቀን ጭራሽ ቆመ።

በስልክ የጠራነው ባለሙያ ከፍቶ አየና «ሙሉ ዕቃው ይቀየር» ብሎ ሄደ። እኔ አልዋጠልኝም። ዕቃውን ፈትቼ በፌስታል ይዤ መርካቶ ወረድኩ፤ ምን አለሽ ተራ አካባቢ፣ አሮጌ ፍሪጆች ደጁ ላይ ወደተደረደሩበት አንድ ጠባብ የጥገና ቤት። ጠጋኙ ልጅ ካቻቢቴውን በአንድ እጁ፣ ፒንሳውን በሌላው ይዞ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ያመጣሁትን ዕቃ አልነካውም። ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ውሃው የሚገባው ከመስመር ነው ከሮቶ?» አለኝ።

ከሮቶ ነበር። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው በረዶ ሰሪው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ስለሚቀር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው ሲታይ ቀላል ነው። ጎድጓዳ ክፍሎች ያሉት የብረት ገበታ አለ። ከሥሩ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ማሞቂያ፣ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ሞተር፣ ከላይ ጣቶች ያሉት ዘንግ፣ ከፊት ደግሞ ከፍ ዝቅ የሚል የሽቦ ክንድ አለው። ገበታው ላይ የተጣበቀው ቴርሞስታት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ወይም 10 ዲግሪ ሲደርስ ሞተሩን ያስነሳል። ማሞቂያው፣ 180 ዋት ገደማ ነው፣ የበረዶውን ቆዳ ብቻ ያቀልጠዋል፤ ጣቶቹ ገፍተው ያወጡታል። ዘንጉ ዙሩን ሊጨርስ ሲል አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይነካና ከፍሪጁ ጀርባ ያለው የውሃ ቫልቭ ይከፈታል። በብዙዎቹ የቆዩ የአሜሪካ ሞዴሎች ላይ ቫልቩ ክፍት የሚቆየው ሰባት ሰከንድ ተኩል ነው። በዚያ ጊዜ 140 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የቡና ሲኒ ውሃ፣ ይገባል ተብሎ ይታሰባል።

«ይታሰባል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በዚህ ዕቃ ውስጥ ውሃ የሚለካ ነገር የለም። ገበታው ይሙላ አይሙላ አያውቅም፤ የሚያውቀው ጊዜ ብቻ ነው። የሠሩት መሐንዲሶች በቧንቧው ውስጥ የሚኖረውን ግፊት ገመቱ፣ በዚያ ግፊት ሰባት ሰከንድ ተኩል ይበቃል ብለው ወሰኑ። የገመቱት ግን የሌላ አገር ቧንቧ ነው።

ሒሳቡን እናስላው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 1.4 ባር ግፊት ይጠይቃሉ። 10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ከሥሩ 1 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ 1.4 ባር ከሮቶ ለማግኘት ሮቶው ከቫልቩ 14 ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አራት አምስት ፎቅ ማለት ነው። የአክስቴ ሮቶ በብረት ማማ ላይ ተቀምጦ ከቫልቩ በላይ አራት ሜትር ቢሆን ነው፤ 0.4 ባር። በዚህ ግፊት በሰባት ሰከንድ ተኩል የሚገባው ውሃ ገበታውን ለመሙላት አይበቃም። በረዶ የሚረጋው ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የሚረጋው ብረቱን የነካው ውሃ ነው። ትንሽ ውሃ ያለበት ገበታ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቴርሞስታቱ «ደርሷል» ብሎ ይታለላል፤ መሃሉ ሳይረጋ ይገፋዋል። ቅርፊቱ የመጣው ከዚህ ነው።

የውሃው ንጽሕናም አለ። የከተማችን ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ውሃ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ያ ደለል ቫልቩ መግቢያ ላይ ባለችው የጥፍር ስፋት ወንፊት ላይ ይከማቻል። ፍሪጁን ነቅሎ፣ የውሃውን መዝጊያ ዘግቶ፣ ቱቦውን ፈትቶ ያቺን ወንፊት በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ማንም ሰው ቤቱ የሚሠራው ሥራ ነው። የአክስቴን ስናወጣት ቀለሟ አይታይም ነበር።

እሺ፣ ቅርፊቱስ ይሁን፤ ለምን ጭራሽ ቆመ? ይህን የነገረኝም ያው ልጅ ነው፤ አሮጌ ቫልቭ ከፍቶ እያሳየኝ። ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ኤሌክትሪክ ይመስለናል። ጠመዝማዛው ሽቦ ግን ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚያነሳው አንዲት ቀጭን መርፌ ብቻ ነው። ዋናውን ጎማ የሚያነሳውም መልሶ የሚደፍነውም የውሃው የራሱ ግፊት ነው። ግፊቱ ከደከመ ጎማው ተደላድሎ አይቀመጥም፤ ቫልቩ ከተዘጋ በኋላም ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታዋ ወደ ፍሪዘሩ በሚገባው ቀጭን ቱቦ አፍ ላይ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይጠብቃታል። እዚያው ትረጋለች። ሌላዋ በላይዋ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቱቦው በበረዶ ተወትፎ ያድራል፤ ከዚያ በኋላ ቫልቩ ሰባት ሰከንድ ቢከፈት ሰባት ሰዓት ያው ነው።

የተወተፈን ቱቦ ለመክፈት ፍሪጁን ከሶኬት ነቅሎ፣ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከሩ ቱቦው ላይ መጠቅለል ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ቢላ እንዳይነካው። ይህን የምለው ከልቤ ነው። በየቤቱ በረዶ የጋገረን ፍሪዘር በቢላ ጫፍ የሚፈለፍል ሰው አለ። ከዚያ ነጭ ግድግዳ ጀርባ ጋዝ የሚዞርበት ስስ የአሉሚኒየም ቱቦ ሊኖር ይችላል፤ አንዴ ከተበሳ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የፍሪጁም ነገር በዚያው ያከትማል። ዛሬ ብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-600ኤ የተባለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ ጉዳቱ ከፍሪጁ አልፎ ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። እግረ መንገዴን፣ «ጋዝ አልቆበታል፣ እንሙላው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አንድ ነገር ብታውቁ እወዳለሁ፦ የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቤንዚን ነድዶ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፣ ይዞራል። ከቀነሰ ያፈሰሰበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይገኝ የሚሞላ ጋዝ ነገ ይወጣል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በቤት አይሞከር።

ሁሉም ጥፋት ግን ከውሃ አይመጣም። ከፋሲካ ወይም ከገና ማግስት «በረዶ ሰሪው ቆመ» የሚል ሰው ፍሪዘሩን ከፍቶ ቢያይ መልሱ ፊቱ ነው፤ የቅርጫው ሥጋ። አንድ ኪሎ ሥጋ ከክፍሉ ሙቀት ተነሥቶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እስኪደርስ 350 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ሊወጣለት ይገባል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ማቀዝቀዙ ሳይሆን ማርጋቱ ነው። በውሃ ብናየው ይበልጥ ይገለጣል፦ አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ 84 ኪሎ ጁል ይበቃል፤ እዚያው ዜሮ ላይ እንዳለ በረዶ ለማድረግ ግን 334። እንግዲህ 15 ኪሎ ሥጋ አንዴ ገባ እንበል፤ ፍሪጁም በሰከንድ 100 ጁል ሙቀት የሚያወጣ ይሁን። በሩ አንዴም ሳይከፈት፣ መብራትም ሳይጠፋ 14 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። በአብዛኛው በዚያ ጊዜ ገበታው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አይደርስም፤ ቴርሞስታቱም አይነሣም። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ተራ እየጠበቀ ነው። ሥጋውን ቀድሞ በታችኛው ክፍል አቀዝቅዞ፣ ከፋፍሎ ማስገባት ነው። የሽቦ ክንዱንም ማየት ደግ ነው፤ የሥጋ ፌስታል ወደ ላይ ከገፋው ዕቃው «ሳጥኑ ሞልቷል» ብሎ አርፎ ይቀመጣል።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱን ይጨምራል። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር አየራችን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ጥቁር ቱቦ ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚህ ስስ አየር ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ አቧራ ለብሶ የቆመ ፍሪጅ እዚህ ይበልጥ ይቸገራል። አንድ ስንዝር ፈቀቅ ማድረግና አቧራውን መጥረግ ብቻ ፍሪዘሩን ጥቂት ዲግሪ ሲያወርደው አይቻለሁ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ፍሪጁን አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ኮምፕረሰሩ ሲቆም በአንድ ወገን የታመቀው ጋዝ ወዲያው አይረጋጋም፤ በዚያ ግፊት ላይ ቢነሣ ሞተሩ ታንቆ ይግላል። ሰዓታት የቆየ መጥፋት ከነበረ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ላቦ ተመልሶ ስለሚረጋ አንድ ድንጋይ ይሆናል። ያንን ሳጥን አውጥቶ መድፋት ነው።

ወደ አክስቴ ቤት ልመለስ። ወንፊቱን አጠብን፣ ቱቦውን ከፈትን፣ የፍሪጁን የውሃ ማጣሪያ ቀየርን፣ ከሮቶው መስመር ላይ ትንሽ ፓምፕ አስገባን። በማግስቱ በረዶ ወረደ። ግን ተያይዞ እንደ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ሳጥኑም ውስጥ ውሃ ፈሶ ነበር። አሁን ደግሞ ውሃው በዝቷል። ያኔ ነው አክስቴ «መጀመሪያ ሰሞንም እንዲህ እየተጣበቀ ነበር እኮ የሚወርደው፤ ኳኳታውስ ከምን ነበር የመጣው?» ያለችኝ። ያን ሰሞን ውሃ ከመስመር ሳይቋረጥ ይመጣ ነበር።

መርካቶ ተመለስኩ። ልጁ ጥቂት አሰበና «ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም» አለኝ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50። ትራንስፎርመሩ 220ውን ወደ 120 ያወርዳል፤ ምቱን ግን እንዳለ ያሳልፈዋል። በረዶ ሰሪው ውስጥ ያለችው ሞተር ደግሞ የምትዞረው የኤሌክትሪኩን ምት ተከትላ ነው። እዚያ በሦስት ደቂቃ የምትጨርሰውን ዙር እዚህ በሦስት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ትጨርሳለች። የውሃው ሰባት ሰከንድ ተኩልም ዘጠኝ ሰከንድ ይሆናል። በቂ ግፊት ካለ 140 የነበረው ወደ 168 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ያ ፍሪጅ አዲስ አበባ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ የሮቶው ድካም ደበቀው እንጂ።

መድኃኒቱ አንዲት ብሎን ናት። በዚህ ዓይነት ዕቃ ፊት ላይ፣ ሽፋኑ ሲነሣ፣ የመጨመሪያና የመቀነሻ ምልክት ያለባት ብሎን ትገኛለች፤ ግማሽ ዙር 20 ሚሊ ሊትር ያህል ትቀንሳለች። ከመንካታችን በፊት የአንድ ዙር በረዶ ሰብስበን ሳህን ላይ አቀለጥነው። አክስቴ በቡና ሲኒ ሰፈረችው፦ ሁለት ሲኒ ሞልቶ ሦስተኛው ሊጋመስ ደረሰ። ፍሪጁን ነቅዬ ብሎኗን ከግማሽ ዙር ትንሽ አለፍ አድርጌ አዞርኩና መልሼ ሰካሁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ደፋን፤ ሦስተኛውን አክስቴ እንደገና አቅልጣ ሰፈረችው። ሁለት ሲኒ ሞላ፤ ሦስተኛው ሲኒ ደረቁን ቀረ።