ጀልባ የጫነ ተሳቢ በመንገድ ላይ ስለ መወዛወዙና ስለ መከላከያው

አዲስ አበባ የራሷ ሐይቅ የላትም። ስለዚህ በከተማው የተሠራ ወይም የተገዛ ጀልባ ሁሉ ወደ ባቦጋያ፥ ወደ ዝዋይ፥ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ጣና ለመድረስ አስቀድሞ በየብስ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ 2» የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ወደ ጣና መወሰዷ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ጭነት በባለሙያ ተይዞ በዝግታ ይጓዛል። የኛ ጽሑፍ ግን ባንድ አክስል ተሳቢ ላይ ተጭኖ በቤት መኪና ስለሚጎተተው ትንሽ ጀልባ ነው፤ ለዚህ ባለሙያም አጃቢም የለውምና።

የጥናታችን መነሻ በጠመንጃ ያዥ፥ ባንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ደጃፍ ያየነው ነገር ነው። ተሳቢው ተሠርቶ አልቆ፥ ጀልባው ተጭኖበት፥ ሞተሩም ከጀልባው ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ባለጀልባው የመጎተቻውን ዘንግ ብድግ አድርጎ ስለ ቅለቱ ሠራተኛውን አመሰገነ። ሠራተኛውም አክስሉን ወደ ፊት አስጠግቶ የበየደው ለዚሁ ምቾት ሲል እንደ ሆነ ነገረን። እኛም አብረን አደነቅን። ኋላ ግን ነገሩን ስንመረምረው፥ ለእጅ የሚቀለው ዘንግ ለመንገድ አደገኛ መሆኑን ተረዳን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ተሳቢ በነፋስ ወይም ባጠገቡ በሚያልፍ ካሚዮን ግፊት ወደ ጎን ሲገፋ፥ ጎማዎቹ ወደ መሥመሩ ይመልሱታል። ዳሩ ግን ጭነቱ በመጣበት ኃይል መሥመሩን አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ እንደገናም ይመለሳል። የክብደቱ ማዕከል ከአክስሉ በበቂ ፊት ከሆነ ውዝዋዜው ጥቂት ተመላልሶ ይበርዳል። ማዕከሉ ወደ አክስሉ ከተጠጋ ወይም ወደ ኋላ ካለፈ ግን ለመብረድ ይቸግረዋል። ፍጥነትም በጨመረ መጠን መብረዱ እየዘገየ ይሄዳል፤ ካንድ ወሰን በላይ ሲሆን ከቶ አይበርድም። በየምልልሱ እየሰፋ መኪናውን ጭምር ከመንገድ ያወጣል። ስለዚህ ባንድ ተሳቢ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የተጓዘ ሰው፥ በ90 ኪሎ ሜትርም እንደዚያው ይሆናል ብሎ መተማመን አይገባውም።

የክብደቱ ማዕከል የት እንዳለ የሚያስታውቀን ዘንጉ በመኪናው ጋንቾ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር፥ ይህ ክብደት ከተሳቢውና ከጭነቱ ድምር ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ነው፤ ለጀልባ ተሳቢ ከዚህ ጥቂት ዝቅ የሚያደርጉም አሉ። ከመጠን በላይ ሲከብድም ጥሩ አይደለም፤ የመኪናውን ኋላ ተጭኖ የፊት ጎማዎቹን ስለሚያቀል መሪው ይላላል። መኪናውና ጋንቾው ሊሸከሙ ከሚችሉት ልክም ማለፍ አይገባም።

አሁን በቁጥር እንየው። ተሳቢና ጀልባ ያለ ሞተር 740 ኪሎ ይመዝናሉ፥ ጋንቾው ላይ 80 ኪሎ ያርፋል፥ ከጋንቾ እስከ አክስል 4 ሜትር ነው እንበል። ይህ ወደ 11 በመቶ ስለሚሆን መልካም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ከአክስሉ 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢሰቀል፥ ከጋንቾው ላይ 30 ኪሎ ያነሣል፤ የሚቀረው 50 ኪሎ ከ800 ኪሎ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚያው ቦታ 30 ኪሎ ነዳጅ ቢጨመር 35 ኪሎ ይቀራል። ሌሊት የዘነበ 40 ሊትር ውሃ በጀልባው ኋላ፥ ከአክስሉ 1 ሜትር ተኩል ርቆ ቢጠራቀም ደግሞ 20 ኪሎ ይቀራል፤ ይህም ከ870 ኪሎ ከ3 በመቶ በታች ነው። እንግዲህ ማንም ሰው ስሕተት ሠራሁ ሳይል መልካሙ ተሳቢ ክፉ ሆነ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው መድኃኒቱ በጀልባው አፍንጫ ላይ የአሸዋ ከረጢት መጫን ነው ይል ይሆናል። ይህ ጋንቾውን ያከብዳል፤ ነገር ግን ከሁለቱም ጫፍ የተጫነ ተሳቢ አንድ ጊዜ መዞር ከጀመረ ለመቆም እንቢተኛ ነው። ስለዚህ ከባዱ ነገር ሁሉ ወደ አክስሉ ይቅረብ። ሞተሩና ነዳጁ ከተቻለ በመኪናው ይጫኑ። የጀልባው የውሃ ማፍሰሻ በጉዞ ጊዜ ክፍት ይሁን። ይህ ካልበቃ ጀልባውን በተሳቢው ላይ ወደ ፊት መግፋት፥ ወይም አክስሉን ወደ ኋላ ማራቅ ነው። ባለ 800 ኪሎው ተሳቢ አክስሉ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቢርቅ፥ የጋንቾው 50 ኪሎ ወደ 86 ኪሎ ያድጋል። ይህንንም ከዘንጉ ጫፍ ሥር የሰው መመዘኛ ሚዛን አድርጎ፥ ዘንጉን በጋንቾው ቁመት ልክ ደግፎ ማረጋገጥ ይቻላል። የጎማዎቹ ነፋስ እኩልና በቂ መሆኑም አይረሳ።

ይህ ሁሉ ላገራችን መንገድ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ወደ ጣና የሚሄደውም በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይን በረሃ ይወርዳል። በቁልቁለት ተሳቢው መኪናውን ይገፋል እንጂ አይጎተትም፤ በዚያን ጊዜም ወደ ጎን መሸሹ ይቀለዋል። ስለዚህ ከባድ ማርሽ አስቀድሞ ማስገባትና በዝግታ መውረድ ያስፈልጋል። ውዝዋዜ ከጀመረም መሪውን ወዲያና ወዲህ አለማወራጨት፥ ፍሬን በድንገት አለመርገጥ፥ ይስተካከላል ብሎ ፍጥነት አለመጨመር ነው። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፥ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ማንሣት፤ ተሳቢው ለብቻው የሚያዝ ፍሬን ካለው እርሱን በጥቂቱ መያዝ ይገባል።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ጠመንጃ ያዥ ተመለስን። ሠራተኛው ስሌታችንን በጥሞና ሰምቶ፥ «ልጆቼ፥ እንዲህ ከሆነማ ይከብዳል፤ ማን ያነሣዋል?» አለን። እኛም «ጋሼ፥ ከዘንጉ ሥር ትንሽ ጎማ ይሁንለት፤ ሰው መግፋት እንጂ መሸከም አይኖርበትም» አልነው። ጥቂት አሰበና የአክስሉን ብየዳ ለመቁረጥ መነጽሩን አደረገ። ባለጀልባው ለሁለተኛው ሥራ ሊከፍል አጉረመረመ፤ በኋላ ግን ልጆቹም አብረውት ወደ ላንጋኖ እንደሚሄዱ ራሱ አስታውሶ ከፈለ።

በዚህ ጽሑፍ የጎደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ቢገኝ፥ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።